እኔ እስካለሁ

«መያዣው የት ነው?» አለ አጎቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ።

ልጅቷ ትልቁን የሻይ ማንቆርቆሪያ በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ሊያግዛት የፈለገ መሰላትና ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገችውን ወፍራም ጨርቅ አቀበለችው።

«ይኸው ጋሼ። ይጠንቀቁ፣ ያቃጥላል።»

«ኧረ የቤቱን መያዣ ነው የምልሽ! አባትሽ ከባንክ ጋር የተፈራረመበትን ውል።»

ጨርቁን ግን አልመለሰላትም፤ ዓይኑን ጠረገበት።

አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከየጎረቤቱ የተሰበሰቡት ወንበሮች የሳሎኑን ግድግዳ ታከው ተደርድረዋል፤ እናቷ ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። አጎቷ ከሁሉም አብልጦ ሲያለቅስ ነው የሰነበተው። ጎረቤታቸው ጸጉር ሠሪዋ ትናንት «ይሄ ሰውዬ በጩኸቱ እኛንም ሊቀብረን ነው» ስትል፣ አጠገቧ የነበሩት ለቀስተኞች ሳቃቸውን በመሀረብ አፍነው ነበር። ልጅቷ አልሳቀችም።

ከአምስት ዓመት በፊት አጎቷ የቀለም መሸጫ ሱቁን ሊያስፋፋ ከባንክ ሲበደር ሱቁን አስያዘ። ያ አልበቃ ሲል፣ አናጢው ወንድሙ፣ የልጅቷ አባት፣ መኖሪያ ቤቱን ጨመረለት። «ፊርማ ብቻ ናት፣ ወንድም ዓለም» ነበር ያለው አጎቷ። ዓመት ሳይሞላ መክፈሉን ተወው፤ የባንኩን ደብዳቤዎች ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ ይወረውር ጀመር። ባንኩም ፊቱን ወደ ቤቱ አዞረ። አናጢው በየወሩ ከፈለ። ሳንባውን ታሞ ሲተኛ ደግሞ ማሽኖቹን ሸጦ የቀረውን ዘጋ። ማሽኖቹ መኪና ላይ ሲጫኑ አልጋው ላይ ሆኖ በድምፃቸው ይለያቸው ነበር።

«ይሄ መላጊያው ነው። ቀስ በሉ በያቸው።»

ልጅቷ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ የተጻፈ ነገር ሳታነብ አታልፍም። በዚያው ሰሞን ውሉን ስታገላብጥ ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ አንቀጽ አገኘች። ለሌላ ሰው እዳ ንብረቱን ያስያዘ ሰው እዳውን ከከፈለ በባንኩ እግር ይተካል፤ ባንኩ በተበዳሪው ንብረት ላይ የነበረው መብት ወደ እሱ ያልፋል። ባንክ ሄዳ ይህንኑ በደብዳቤ አጻፈች። ለአባቷ ስታነብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ወንድሜ ነው። እኔ እስካለሁ እንዳትነኪው።»

«እሺ አባዬ» አለች።

አሁን ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

«ውሉን ለምን ፈለጉት?»

«ባንኩ ዝም ያለው ሊሸጠው ሲሰናዳ ነው። ሐራጅ ከወጣ በውርደት ነው የምትባረሩት። እናትሽ ቤቱን በኔ ስም ታዙርልኝና ከባንኩ ጋር እኔ እጨርሳለሁ። ለሷ እንደሆን ከሱቁ ጀርባ አንድ ክፍል አይጠፋም።»

«ከቀለሙ ጋር?»

«ምን ይደረግ፣ የኔ ልጅ። ጊዜው ነው።»

ጓዳ ገብታ ወረቀቶቹን ይዛ ወጣች። አጎቷ መነጽሩን አልያዘም። አጠገቡ ተቀምጣ፣ ለበሽተኛ እንደሚነበብ ዝግ ባለ ድምፅ መጀመሪያ አንቀጹን፣ ቀጥሎ የባንኩን ደብዳቤ አነበበችለት።

«ተከፍሏል?» ፊቱ በራ። «እሰይ! ታዲያ ምን ያስጨንቀናል?»

«ቤቱ ነፃ ወጥቷል። የእርስዎ ሱቅ ግን አልወጣም። ባንኩ በሱቁ ላይ የነበረው መብት ወደ አባዬ ዞሯል፤ ከአባዬ ደግሞ ወደ እማዬና ወደ እኔ። ካልከፈሉን ሱቁን እናሸጣለን።»

«ወንድሜ እንዲህ አያደርግም!» ብሎ ጮኸ።

ለቀስተኞቹ እንደገና ሊያለቅስ መሰላቸው። አንድ ሽማግሌ ተነስተው ትከሻውን ያዙት። «አይዞህ፣ በቃ። እሱም አይወድልህም።»

ልጅቷ ሽማግሌው እስኪቀመጡ ጠበቀች።

«እውነትዎን ነው፤ አላደረገም። እኔ እስካለሁ እንዳትነኪው አለኝ፣ አልነካሁም» አለች። «ሐሙስ ዕለት አረፈ።»

ሱቁ ከአምስት ወር በኋላ በሐራጅ ተሸጠ። ልጅቷ ሐራጁ ላይ የአባቷን ኮት ለብሳ ሄደች፤ እጅጌው ስለረዘመባት ሁለት ጊዜ ጠቅልላው ነበር።