የሟቹ ምግብ

መካኒኩ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቤቱ ግን አሁንም የሚበላው የእሱን ምግብ ነው። ጨው የለም፣ ስኳር የለም፣ ዘይቱም ለወግ ያህል ድስቱን ይነካል እንጂ አይታይም። ያኔ ሐኪሙ "ደም ግፊትህ ጣራ ነክቷል፤ ከዛሬ ጀምሮ ጨው እርም በል፣ አመሻሽ ላይም በእግርህ ተንቀሳቀስ" ሲለው፣ ያ ሞተር በትከሻው የሚያነሳ ሰውዬ እንደ ሕፃን አኮረፈ። "እኔ የተቀቀለ ድንች እያላመጥኩ እናንተ አጠገቤ ጣት የሚያስቆረጥም ልትበሉ ነዋ?" አለ። እናቱና ሚስቱ ተያዩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሦስቱም ከአንድ ድስት በሉ፤ የቤቱ ጨው ከነዕቃው ለጎረቤት ተሰጠ።

ጥሩም ነበር። የመካኒኩ ቦርጭ ጎደለ፣ ደረጃ ሲወጣ ማለክለኩን ተወ፣ ሐኪሙም ትከሻውን መታ መታ አድርጎ አመሰገነው። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ውስጥ፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ሞተ። ሻዩም ስኳር አልነበረበትም። ሞት ወጉ ነው፤ ሰው ምን ሲበላ እንደከረመ አይጠይቅም።

ሚስቱ አላለቀሰችም። ልብስ ሰፊ ናት፤ ለቅሶው እንደተነሳ ወደ ሱቋ ተመለሰችና ካቆመችበት ሱሪ ቀጠለች። "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" እያሉ የሰፈሩ ሴቶች አሟት። ሐሜቱ ደረሳት፤ ሐሜቱም ምንም አልመሰላትም። ማዘን ጠልታ አይደለም። ውስጧን ስትዳብሰው ጥርስ ሊነቀል ማደንዘዣ የተወጋ ድድ ይሆንባታል፤ መኖሩን ታውቃለች፣ ግን የሌላ ሰው ይመስላታል።

ታዲያ ምግቡንስ ለምን አልቀየረችም? ለራሷ ከሆነ ጨው ገባ አልገባ ሁሉም ገለባ ነው። የያዛት ይሉኝታ ነው። "የልጄ አፈር ሳይደርቅ ጣዕም አማራት ይሉኛል" ብላ ታስባለች አንዳንዴ፣ የጨው መደብ ፊት ስታልፍ። እንዲህ የሚሏት ደግሞ አማቷ ናቸው፤ እሷ የምትጠራቸው "እማማ" እያለች ነው። አማትና ምራት ዓይንና ናጫ ናቸው የሚል ሰው እነዚህን ሁለቱን አላያቸውም። በአንድ ጣራ ሥር ኖረው አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተነጋገሩም። ችግሩ ሌላውንም ቃል አለመነጋገራቸው ነው።

የእግር ጉዞውም አልቀረም። በየቀኑ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለቱ ሴቶች ሸራ ጫማቸውን አጥልቀው ከቤታቸው ጀርባ ያለውን የኳስ ሜዳ ይዞራሉ። መካኒኩ ይሄድ የነበረው በመሃላቸው ነው፤ አሁንም መሃሉን ይተዉለታል። ከሩቅ ያያቸው ተጣልተው የሚራራቁ ይመስለዋል። ሲዞሩ ወሬ የለም፤ የጫማቸው ኮሽታ ብቻ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እማማ አንዱን ዙር ሳይጨርሱ ግንቡ ላይ ቁጭ ማለት ጀምረዋል።

"ደከመዎት እማማ?"

"ኧረ ምንም አልል። ጫማው ነው እንጂ።"

"እሺ" ትላለች፤ ብቻዋን ዙሩን ትጨርሳለች። ያን ዓመት ሙሉ ከአፏ የማይጠፋ ቃል ቢኖር ይቺ "እሺ" ናት። ዋጋ ቀንሺ ሲሏት እሺ፣ ነገ ይድረስልኝ ሲሏት እሺ፣ አይዞሽ ሲሏትም እሺ።

ሱቁን የምትጋራት ባልደረባ አለቻት። ደንበኛው ሁሉ "መርፌ" ይላታል፤ ቀጭን ሆና አይደለም፣ እንዲያውም ወፍራም ናት፤ ስለምትወጋ ነው። አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ አንዲት ግራጫ ቀሚስ ገልብጣ የጎኑን ስፌት ስትፈታ አየቻት።

"የማን ናት?"

"የአማቴ። ሰፋችኝ አሉ።"

"ባለፈው አጥብበሻት አልነበር? ከዚያ በፊትስ?"

"ጨርቁ ተለጥጦ ይሆናል።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ጨርቅ ሲታጠብ ይገባል እንጂ እንዲህ ይሰፋል እንዴ? ወይስ አማትሽ እየሟሙ ነው?"

"እርጅና ነዋ" አለችና ፔዳሉን ረገጠች። መርፌ ከንፈሯን መጠጠች፤ ያን ቀን አልደገመቻትም።

ሙያ አንዳንዴ ክፉ ነው። ቀሚሱ ሰፋ ሲሏት ቀሚሱን አየች። በአሮጌው ስፌት ላይ ሁለት ጣት ወደ ውስጥ ገብታ በስፒል ያዘች፣ ሰፋች፣ ተኮሰች፣ አጣጥፋ ወሰደች። እማማ ለበሱት፤ ልክክ አለ። ልክክ ያለ ልብስ ደግሞ ለልብስ ሰፊ ያለቀ ጉዳይ ነው። ዶሮ ሻጭ እንኳ ዶሮዋ ስትከሳ ታያለች፤ እሷ ግን ቀሚሱን ከሰውነቱ እኩል እያከሳች ሴትየዋን ከራሷ ዓይን ደበቀቻቸው።

ያየው የመካኒኩ ታናሽ ወንድም ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከለቅሶው ወዲህ ረጅም መስመር ላይ ከርሞ በስልክ "እንዴት ናችሁ?" ሲል "ደህና ነን" እየተባለ ነው የኖረው። ብርቱካን በፌስታል ይዞ ገባ። እናቱ ሊስሙት ከወንበር ሲነሱ ጉልበታቸው ከዳቸውና ግድግዳውን ያዙ። ዘሎ አቀፋቸው፤ ሲያቅፋቸው ፊቱ ተለዋወጠ።

"እማዬ! የት ሄደሽ ነው አንቺ? አጥንት ብቻ እኮ ነሽ!"

ከዚያ ምድጃው ላይ ያለውን ድስት ከፈተ። ጎመን፣ ድንች፣ ውኃ። በጭልፋ ቀመሰና ዞሮ አያት። "ይሄ ምንድን ነው?"

"ምሳ" አለች።

በዚያው በመኪናው ጭኖ ሁለቱንም ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። ነርሷ የግፊት መለኪያውን ጨርቅ እማማ ክንድ ላይ ብትጠመጥመው አልያዝ አላትና የልጆቹን አመጣች። ለካች፣ ሚዛን ላይ አወጣቻቸው፣ እንደገና ለካች።

"እናቴ፣ ግፊትዎ በጣም ወርዷል። ይበላሉ?"

"እበላለሁ እንጂ።"

"ምን ምን?"

"ጨው የሌለበት ነገር።"

"ጨው ማነው የከለከለዎት?"

"ሐኪም ነዋ።"

"የትኛው ሐኪም?"

"የልጄ ሐኪም።"

"እስቲ ልጅዎን ላነጋግረው።" ነርሷ ሹፌሩን አየችው። ሹፌሩ መሬት መሬት አየ።

"እሱ አይደለም። ያኛው ሞቷል" አሉ እማማ።

ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ስለዚህ የልጅዎን ትእዛዝ ነው እርስዎ የሚበሉት" አለች፤ ጥያቄም አልነበረም። "ለእሱ መድኃኒት ነበር። እርስዎ ግን ስለማይጣፍጥዎት ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ይተዉታል፣ አይደል? ሰው እንዲህ ቀስ እያለ ነው የሚያልቀው። ጨው በልኩ፣ ዘይት በልኩ፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ደስ ያለዎትን ይብሉ። አለዚያ በቅርቡ አልጋ ላይ ነው የማገኝዎት።"

ልብስ ሰፊዋ በር አጠገብ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ቃሉ ገባት፤ ግን ከገባበት አልተንቀሳቀሰም።

ደጅ ሲወጡ ሹፌሩ እናቱን መኪና ውስጥ አስቀመጠና ወደ እሷ ዞረ። "እህቴ፣ ክፉ ነሽ አልልሽም። ግን እናቴን ላንቺ ትቼ ወንድሜን ብትከተል ምን እመልሳለሁ? እሑድ መጥቼ እወስዳታለሁ። ሚስቴ ቤት ትውላለች፤ ታበላታለች።"

"እሺ" አለች።

የመኪናው መስኮት ክፍት ነበር። እማማ ምራታቸውን ያዩ ነበር፤ ዓይኗን ሳይሆን አፏን። ሌላ ቃል ይመጣ እንደሆነ ትንሽ ጠበቁ። ሲቀር ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

እማማ ከሄዱ በዚያ ቤት የምትቀረው አንዲት ሴት ናት። በር ስትከፍት "ደረስሽ?" የሚላት የለም፤ ሜዳውን ብትዞር ማንም ግንቡ ላይ ተቀምጦ አይጠብቃትም። ይህን ታውቀዋለች። ታውቀዋለች እንጂ አይሰማትም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከሱቅ ሰማያዊ ጨርቅ ይዛ መጣች። እማማ በዚያች በጠበበች ግራጫ ቀሚስ የሰው ቤት እንዳይገቡ ብላ ነው። "ይቁሙልኝ እስቲ ልለካዎት" አለችና ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች።

ለምን ያህል ጊዜ እንዳልነካቻቸው ትዝ ያላት ያኔ ነው። ሜትሩን በወገባቸው አዞረችው፤ ጫፉ ከሚገባው በላይ አልፎ እጇ ላይ ተንጠለጠለ። ጣቷ የጎን አጥንታቸውን አገኘ። ትከሻቸው ላይ ስታሳልፈው የብራኳቸው አጥንት በልብሱ ሥር ሹል ብሎ ወጥቷል። ስንት ገላ የለካ እጅ አይዋሽም። ቆመች።

"እማማ።"

"እ?"

"ደጋግሜ አጠበብኩልዎት እኮ።"

"አዎን፤ እጅሽ ይባረክ። ስፌትሽ እንደሆነ አይታወቅም፣ የተነካ አይመስልም።"

ያንን ምርቃት ሰምታ መሬት ብትከፈትላት በወደደች። "ለምን አልነገሩኝም? ጨው ይግባበት ለምን አላሉኝም?"

እማማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "ሐዘንሽ መስሎኝ ነዋ። አላለቀስሽ፣ አልጮኽሽ። ይቺ ልጅ ሐዘኗን በድስት ነው የያዘችው አልኩ። በምን አፌ ጨው ጨምሪበት ልበልሽ?"

"እኔ እኮ እርስዎ እንዳይቀየሙኝ ብዬ ነው!"

"እኔ?" አሉና ሳቅ አመለጣቸው፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "እኔማ ከመጀመሪያውም ጠልቼው! እሱ እያለ፣ የሰጠናቸውን ጨው እዚያው ጎረቤት ሄጄ እንቁላል ላይ እየነሰነስኩ እበላ ነበር።"

"ታዲያ ከሞተ በኋላስ?"

ሳቃቸው ቀስ ብሎ ቆመ። "ከሞተ በኋላ እንቁላሉም አስጠላኝ። ከማን ተደብቄ ልብላው?"

ይሉኝታ ሁለት ሴቶችን በአንድ ድስት ሊቀብር ምን ቀረው። አንዷ ለሌላዋ ስትል፣ ሁለቱም ማንም ያልጠየቃቸውን ሲበሉ ከረሙ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን አልጋው ላይ ጥላ ወጣች፤ ጨው፣ ሥጋና ሽንኩርት ገዝታ ተመለሰች። ሾርባው ሲፈላ ሽታው መጋረጃው ድረስ ገባ። እማማ አንድ ሳህን ጨርሰው ሳህናቸውን ዘረጉ። እሷም ቀመሰች። ጨው እንዳለው ምላሷ ነገራት፤ ከዚያ አልፎ የሄደ ነገር አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ቀሚሱን ሰፋች። ስትጨርስ እማማ ገልብጠው ጎኑን አዩት፤ ከስፌቱ ወዲያ ሰፊ ትርፍ ጨርቅ ተትቷል።

"ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?"

"ሲወፍሩ ይለቀቃል።"

"እዚያ ማን ይለቅልኛል?" አሉ እማማ።

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

እሑድ ረፋዱ ላይ ሹፌሩ መጣ። ሞተሩን ሳያጠፋ ከደጅ "እማዬ፣ እንሂድ!" ብሎ ተጣራ። እማማ ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሰው፣ ሻንጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አልተነሱም።

"እንግዲህ ልሂድ?" አሉ።

"እሺ" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያለ ችግር የሚወጣ ቃል ነው። ዋጠችው። በምትኩ የወጣው ሹክሹክታ ነበር።

"አይሂዱ።"

"ምን አልሽ?"

"አይሂዱብኝ።"

"ጆሮዬ ደክሟል ልጄ፤ ጮክ በይ።" ጆሯቸው ምንም አልሆነም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ በሁለት ግድግዳ ማዶ ሐሜት የሚሰማ ጆሮ ነው።

"አይሂዱብኝ እማማ! እሱም ሄዷል፤ እኔ ብቻዬን ምን—" ድምጿ እዚያ ላይ ተሰበረ። ተንበርክካ ፊቷን በአዲሱ ቀሚስ ቀበረች፤ ከሆዷ የተነሳ ጩኸት አፏን ሞልቶ ወጣ። በባሏ ስም ተጣራች። ደጋግማ ተጣራች። እማማ ሻንጣውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ሁለት እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ።

ሹፌሩ በሩጫ ገባ። "ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ?"

"ምንም አልሆንን" አሉት እማማ። "ባሏ ሞቶባት ነው። መኪናህን አጥፋና ግባ።"