በበጉ ጆሮ የነገርኩት

አማቴ እማማ ቦሼ በጉን የገዙት ከጠበላ ከተማ ገበያ ነው። ለእኔ ግን ወደምኖርበት ሶዶ ደውለው «አሞኛል፣ ነይ» ነበር ያሉኝ። ሁምቦ ቆላ ያለው ቤታቸው ስደርስ በጉ ማንጎው ሥር ታስሯል። ሞራ ገላጩ አባባ አንጁሎም ጥላው ላይ ተቀምጠዋል። አማቴ በእግራቸው ቆመው ነበር።

ልጄ እዮኤል ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ ወጥቶ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከሞያሌ ከደወለ ሁለት ጊፋታ፣ ሁለት የዘመን መለወጫ በዓል፣ አልፏል። በቅርቡ አብሮት የወጣ የቤሌ ከተማ ልጅ ተመልሶ መጣ። እዮኤል ማላዊ ጫካ ውስጥ ታሞ እንደነበር፣ ደላላው አላስጠብቅ ስላላቸው ትተውት እንደሄዱ ነገረን። ሲሞት አላየውም። ሲነሳም አላየውም። ከዚያ ወዲህ እማማ ቦሼ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ሞቶ ከሆነ ለቅሶ ተቀምጠው ማልቀስ። የአባቱ፣ የባሌ የተሻገር መቃብር ከጓሯቸው ይታያል። ስለ እሱ እዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

የባሌ ወንድም ሚልክያስ የመዘምራን ሰብሳቢ ነው። ሞተሩን አጥር በሩ ላይ አቁሞ መንገድ ይጠብቃል፤ ከቤተ ክርስቲያን ሰው ከመጣ በጉ ለእንግዳ የታረደ ነው ሊባል ተስማምተዋል። ተቃወምኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልተቃወምኩም። ልጄን ፍለጋ የደወልኩላቸው ቢሮዎች ሁሉ መልስ አልነበራቸውም፤ በግ ከተናገረ በግ ልሰማ ተዘጋጅቼ ነበር።

አባባ አንጁሎ ሥርዓቱን አስረዱኝ። ጭንቀቱ ያለበት ሰው ራሱ በጉን ይዞ በጆሮው ይነግረዋል፤ ሌላ ሰው አይሰማም። እሳቸው ሞራው ላይ ያዩትን ይናገራሉ። ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው በጆሮው የነገረው ሰው ነው።

«አንቺ ነሽ የምትነግሪው» አሉኝ፤ «እናት እያለች አያት አትጠይቅም።»

ተንበረከክሁ። የበጉ ጆሮ ይሞቃል። ነገርኩት።

ታረደ። ሽማግሌው ሞራውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ ፀሐይ አነሱት። ብዙ አዩት። ሚልክያስ ከበሩ ላይ ሆኖ መነጽር ላምጣልዎት ወይ ብሎ ቀለደ፤ ማንም አልሳቀም። በመጨረሻ ጣታቸው አንድ ቀጭን ደም ሥር ላይ አረፈ።

«መንገድ ነው። ይገባል። እዚህ ላይ ስብ ይሸፍነዋል። ከዚያ ወዲያ ሲወጣ አላይም።»

«ሞቷል ማለት ነው?» አሉ እማማ ቦሼ።

«እሱን እኔ አልልም። እኔ ዐይን ነኝ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«የእዮኤል እናት» አሉ አማቴ፣ «ዩኒቨርሲቲ የገባሽው አንቺ ነሽ። የገባ መንገድ ካልወጣ ምን ይባላል? ተናገሪ እንጂ።»

ልጄን ሞተ ብዬ የምናገረው እኔ እንደሆንኩ ያኔ ገባኝ። ሚልክያስ ቀረብ ብሎ፣ እናቱ ሳያለቅሱ እንዳይሞቱ እንድራራላቸው በለሆሳስ ለመነኝ። መንገዱን ስብ ሸፈነው እንጂ አልተቆረጠም አልኩ። እንደዚያም ማለት ትችያለሽ አሉ ሽማግሌው። ግን ጥያቄዬን አስቀድሜ እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ ሞቷል ወይ ብዬ ነው የጠየቅሁት፣ ወይስ አለ ወይ ብዬ?

«አልጠየቅሁትም» አልኩ።

«ታዲያ ምን አልሽው?»

«‹ልጄ፣ ና› አልኩት።»

አባባ አንጁሎ ሞራውን ቀስ አድርገው ቅጠሉ ላይ አኖሩት። ካልተጠየቀ ነገር መልስ እንደማይነበብ፣ ያነበቡትም የማን እንደሆነ እንደማያውቁ ተናገሩ። እማማ ቦሼ ግን አልሰሟቸውም። መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጠበቁ፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ራሳቸው አነሱ። ይህን አውቀዋለሁ። በዚያ መንደር ሴት አንዴ ከጮኸች ጎረቤት ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ የያዘውን ጥሎ ይመጣል። ዕድር ይጠራል፣ ድንኳን ይተከላል። ሳይመሽ እዮኤል የሞተ ሰው ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚፈልገው አይኖርም።

አፋቸውን ሲከፍቱ እጄን ጫንኩበት።

የባሌን እናት አፍ ነው። ሚልክያስ ስሜን ጠራ፤ አልለቀቅሁም። ጩኸቱ መዳፌ ውስጥ ቀረ። ትንፋሻቸው እጄን አረጠበው፤ ዐይናቸው ዐይኔ ላይ ነበር።

«ትርጉሙ የአንቺ ነው ብላችሁኛል» አልኩ። «አልሞተም።»

ከዚያ ለቀቅኋቸው።

«ካልሞተ የት አለ?» አሉኝ።

አባባ አንጁሎ ዱላቸውን አንስተው ሄዱ።

ሥጋው ተቀቀለ፤ በወጉ የበላ ግን የለም። እማማ ቦሼ አንዱን ወርች ጥሬውን ለይተው «የልጁ ነው» አሉና ሳያዩኝ ፊቴ አስቀመጡት። በዚያ ሙቀት ነገ እንደሚሸት ሁለታችንም እናውቃለን። ቢላዋና ጨው እንዲሰጡኝ ጠየቅሁና ለቋንጣ እዘለዝለው ጀመር። በጣም አቀጠንኩት። ቀጭኑ ብዙ ይቆያል።