ቡናው የሚያድርበት ክፍል

እና አሁን ምን ልበላት፣ ነጅላ የመርጫውን ታንክ ጀርባዋ ላይ እንዳዘለች ደጄ ላይ ቆማለች፣ ለወባ ልትረጭ ነው የመጣችው፣ ልመልሳት ነው፣ ባለቤቴ ቲጃኒ ጠዋት ወደ አጋሮ ሲወርድ የመጨረሻ ቃሉ እሱ ነበር፣ ረጪ ቢመጣ እንዳታስገቢ፣ የቡና ማኅበሩ ሊቀመንበር ቤት ከተረጨ የማን ቤት ሊቀር ነው፣ እውነቱን ነው፣ እውነቱን ባይሆን ደስ ይለኝ ነበር።

አምና ቡናችን ከውጭ ተመለሰ። ኬሚካል ተገኘበት፣ ከቤት ርጭቱ ነው ተባለ፣ ማኅበሩ ተሰብስቦ ወሰነ፣ ቡና ያደረበት ቤት ቡናው ተሸጦ እስኪያልቅ አይረጭም፣ ታዲያ እዚህ አገር ቡና የማያድርበት ቤት የታለ፣ ጀንፈሉ ከነገለባው ደርቆ በጆንያ ከአልጋው አጠገብ ይከመራል፣ ሠርግ ሲመጣ ይወጣል፣ ሐዘን ሲመጣ ይወጣል፣ ባንካችን እሱ ነው፣ እና ባንኩ እስኪወጣ ወባ ወረፋ ትጠብቃለች? ቡናው ሲቀላ እሷም ትነሳለች፣ ወቅታቸው አንድ ነው።

ጤና ጣቢያው ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተኝቷል፣ የቲጃኒ እህት ፈድሊያ አስተማሪ ናት፣ የማስተምረው ለወንበር ነው ትላለች፣ ለቃሚዎቹ እየተንቀጠቀጡ ወደየአገራቸው ተሳፈሩ፣ ቡናው ከዛፉ ሥር ረግፎ ይሻግታል፣ ቡናውን እናድን ብለን ለቃሚ አሳጣነው፣ ይሄን ስነግረው ቲጃኒ ጫማውን ያያል፣ ደግ ሰው ነው፣ ደግነቱ ራሱ ያናድደኛል።

ነጅላ ሆዴን እያየች ነው። የምታስበውን አውቃለሁ። አምና በዚሁ ወር ትኩሳቱ ጣለኝ፣ ልጁ አልቆየም፣ ሰው ሁሉ አላህ ይተካል አለኝ፣ ተካ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው እየረገጠኝ ነው፣ እና እፈራለሁ፣ ወላሂ እፈራለሁ፣ ትንኝ ጆሮዬ ሥር ስትጮህ ሆዴን በሁለት እጄ እሸፍናለሁ፣ ሞኝ፣ ወባ በእጅ ይከለላል?

አጎበር አትሰቅሉም እንዴ ትላለች፣ በመስኮቱ አልጋውን አይታ። አጎበር። ውጭ ነው፣ ቡናው ሥር፣ ቡና መሬት ከነካ አፈር አፈር ይላል፣ ስለዚህ ሁላችንም የተሰጠንን አጎበር አንጥፈን እናሰጣበታለን፣ የጎረቤቴ የለጢፋም ግቢ ያው ነው፣ ነጅላ ዞራ ታያለች፣ አፏን ትይዛለች፣ አፊፋ፣ ይሄ እኮ መድኃኒት የተነከረ ነው።

ቆይ።

የተነከረ። ቆይ፣ ቆይ፣ እኛ ግድግዳውን ጠረጠርን እንጂ ምንጣፉን ማን አየው፣ ምናልባት ከዚህ ነው የመጣው፣ አላህ ያውቃል፣ እኔ መርማሪ አይደለሁም፣ ግን መድኃኒቱን ከአልጋችን ላይ አውርደን ቡናው ሥር አንጥፈን፣ ረጪዋን ደግሞ በር ላይ እየመለስን፣ ይሄን ማን ሠራው? እኛ።

ግቢ እላታለሁ። ጆንያ እጎትታለሁ፣ ነጅላ ታንኩን አውርዳ ትቀማኛለች፣ ለጢፋ ከአጥሩ ማዶ ማል ታቴ አፊፋ፣ ምን ሆንሽ ትላለች፣ ምንም አልሆንኩም እላታለሁ፣ ቲጃኒ ቢሰማስ ትላለች፣ ራሴ እነግረዋለሁ፣ አጎበርሽን አንሺ ለጢፋ፣ ቡናውን ገልብጪና አንሺ፣ ምን ነክቷት ነው የምትል ይመስለኛል፣ ትበል።

እደውላለሁ።

ቲጃኒ፣ ቤቱ እየተረጨ ነው። ቡናውስ። ውጭ ነው። ሰዉን ምን ልበለው አፊፋ፣ እኔ ነኝ እኮ አትርጩ ያልኩት። አጎበሩን አሳያቸው፣ ና ብቻ፣ ስትመጣ ታየዋለህ። ሰማዩን አይተሽዋል፣ ዝናብ ሊመጣ ነው።

ልጅህም ሊመጣ ነው።

ከኋላው መኪና ያልፋል፣ ሸራ ይዤ መጣሁ ይላል፣ አንቺ ጆንያ እንዳትነኪ።