የበሩ ማስክ

ኮሮና በገባበት ክረምት፣ ከደባርቅ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ በር ላይ አንድ ማስክ በምስማር ተንጠልጥሎ ይውል ነበር። ያለ ማስክ ማንም እንዳይገባ የሚል ወረቀት ከላይ መጥቷል፤ ማስኩ ግን አብሮ አልመጣም። ዘበኛው ጋሽ ማንያዘዋል ታዲያ አንዱን ለሁሉም አደረጉት። የሚገባ ሰው አጥልቆት ይገባል፣ ሲወጣ አውልቆ መልሶ ይሰቅለዋል። ኃላፊውም በሪፖርቱ ላይ «መቶ በመቶ» ብሎ ጻፈ።

አዋላጅ ነርሷ ስንዱ ባየችው ቁጥር ትጸየፈዋለች። ሰማያዊ የነበረው ጨርቅ የዕቃ እጣቢ መስሏል፤ ውስጡ ሱረትና ንፍጥ ደርቆበታል። አንድ ቀን አንዲት እርጉዝ ገና እንዳጠለቀችው ሽታው አስመለሳት፣ እዚያው ውስጡ። ጋሽ ማንያዘዋል በቧንቧ ውሃ ለቅለቅ አድርገው ሰቀሉት። ስንዱ ለኃላፊው ብትነግረው «ወረቀቱን እኔ አልጻፍኩት» አላት። እሷማ ጥጉ ላይ ቢጫ አበባ የተጠለፈበት የራሷ ማስክ ነበራት። በየጠዋቱ ፊቷን አዙራ ታልፋለች።

ሐምሌ ላይ ጥበብ የምትባል ወላድ ከቡይት ራስ በላይ ካለ መንደር በቃሬዛ መጣች። ባሏ አለነና ስምንት ጎረምሶች ጎህ ሲቀድ ተነስተው፣ ጭቃ ሲያቦኩ አርፍደው በሩ ላይ ደረሱ። ምስማሩ ባዶ ነበር። አንድ ሽማግሌ ማስኩን አጥልቀው መድኃኒት ሊወስዱ ገብተዋል።

«ትንሽ ታገሡ፣ አሁን ይወጣሉ» አሉ ጋሽ ማንያዘዋል።

«ምጥ ላይ ናት እኮ አባቴ» አለ ባሏ።

«ይገባኛል ልጄ። ያለሱ ባስገባ ግን እንጀራዬ ነው።»

አለነ የመንግሥት ቤት ወጉ እንዲህ ይሆናል ብሎ ቃሬዛውን ጭቃው ላይ አስወረደ። ሽማግሌው ወረፋ ላይ ናቸው። ግማሽ ሰዓት አለፈ።

ስንዱ የጥበብን ጩኸት ሰምታ ከውስጥ ሮጣ ስትወጣ ሕፃኑ በእግሩ መጥቶ፣ እስከ አንገቱ ወጥቶ፣ ራሱ ተይዞ ነበር። ተንበርክካ አወጣችው። አይተነፍስም። የራሷን ማስክ ከፊቷ ገንጥላ ጣለችና አፏን አፉና አፍንጫው ላይ ገጥማ እፍ አለች። ደጋግማ እፍ አለች። ክንዷ እስኪዝል ደረቱን ተጫነች። ወንድ ልጅ ነበር፤ አንዴም ሳይተነፍስ ቀረ።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ወጡ። ጋሽ ማንያዘዋል ማስኩን ተቀብለው ለጥበብ ዘረጉላት።

«ይኸው፣ አሁን ትግባ» አሉ።

ጥበብ እንባዋን ሳትጠርግ እጇን ዘረጋች። ስንዱ ነጥቃ፣ ሄዳ የእንግዴ ልጅ መጣያው ጉድጓድ ውስጥ ወረወረችው። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። ሁለት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ልታደርገው ትችል ነበር። ከማስኩ ይልቅ ራሷን ተጸየፈች።

በማግስቱ ስትመጣ አንዲት ሆዷ የገፋ ሴት በሩ ላይ ቆማ ከምስማሩ ማስክ ታወርዳለች። ጭቃው በደንብ አልለቀቀም፤ ጥጉ ላይ ቢጫ አበባ አለበት።

«ትላንት ወድቆ አገኘሁት ሲስተር» አሉ ጋሽ ማንያዘዋል ደስ ብሏቸው። «የጣለውን ሰው እግዜር ይስጠው። ይኼስ ጥሩ ነው፣ ይታጠባል።»