አሥራ ሰባተኛው ነጥብ

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በተግባር ልምምድ ኤፍ የሰጠችኝ መምህርት አንድ ሰኞ ጠዋት የቢሮዬን በር አንኳኩታ ገባች። በእጇ የእኔን ፊርማ የሚፈልግ ፎርም ይዛለች። እንዲህ ያለ ሰኞ ለሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ቢመጣለት ነው፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ጸጉሬን እንኳ በወጉ አላበጠርኩም ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምላት። በልቤ ግን ከዚያ ኤፍ ጀምሮ «እሷ» ናት፤ እዚህም የምጽፈው እንደ ልቤ ነው።

ኤፉ የመጣው በሶፍት ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አንዱ ግድግዳው መስታወት የሆነ ጠባብ ክፍል አለ። ሠልጣኙ አማካሪ ከአንድ ተማሪ ጋር ተቀምጦ ሲያወራ፣ እሷ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና ራሷ ያዘጋጀችውን ባለ ሃያ አራት ነጥብ ፎርም ትሞላለች። የኔ ተራ ሲደርስ የገባችልኝ ልጅ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔም ከቦርሳዬ ሶፍት አውጥቼ ሰጠኋት። ሰው ነኝ፣ ምን ላድርግ? የፎርሙ አሥራ ሰባተኛ ነጥብ ግን «ለሚያለቅስ ተማሪ ሶፍት አለማቀበል» ይላል። ሶፍት ማቀበል፣ በሷ ትምህርት፣ «በቃህ፣ አሁን ዝም በል» ማለት ነው። ልጅቷ እንባዋን ጠረገች፣ እኔ ዓመት ደገምኩ። ይህን ታሪክ ለባልደረቦቼ፣ ለባሌ፣ ለባሌ እናት ሳይቀር አውርቻለሁ። ያልሳቀልኝ የለም።

ታዲያ ለምን እንደመጣች ስትነግረኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሃያ ስድስት ዓመት አማካሪዎችን አስተምራለች፣ ሠላሳ አንድ ጽሑፍ በየጆርናሉ አሳትማለች፤ ሙሉ ፕሮፌሰር ለመሆን ግን አንዲት ወረቀት ጎድላታለች። የትምህርት ክፍሉ ደንብ፣ ለፕሮፌሰርነት የሚታጭ መምህር ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አርባ ሰዓት ትምህርት ቤት ገብቶ ተማሪዎችን ፊት ለፊት ያማከረ መሆን አለበት ይላል። ደንቡን ያረቀቀችው ራሷ ናት። አንድ የማትወደው ባልደረባዋ በማዕረግ ሊቀድማት ሲል፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ እንደማያውቅ ታውቅ ስለነበር፣ በአንድ ቅዳሜ ጽፋ በሰኞው ስብሰባ አጸደቀችው። ሰውየው አርባ ሰዓቱን በሁለት ወር ሠርቶ ፕሮፌሰር ሆነ። ደንቡ እሷን ሲጠብቅ ቀረ። አሁን ሴሚስተሩ ሲያልቅ ጡረታ ትወጣለች፤ ፋይሏ ደግሞ ከአምስት ሳምንት በኋላ አርብ ቀን ይዘጋል። ካልሞላላት ተባባሪ ፕሮፌሰር እንደሆነች ዕቃዋን ሰብስባ ወደ ቤቷ ነው።

ሁለት ትምህርት ቤቶች ቦታ የለንም ብለው መልሰዋታል። ታስታውሰኝ እንደሆነ በዘወርዋራ ስጠይቃት «ፊትሽ አዲስ አልሆነብኝም» አለችኝ። ሕይወቴን አንድ ዓመት ወደኋላ ጎትታ ፊቴ አዲስ አልሆነባትም።

የተማሪዎች አማካሪ ሆኜ የምሠራበት የጋይዳንስ ቢሮ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ደረጃው ሥር ነው። የአርፋጆች መዝገብ፣ የጠፉ ዕቃዎች ካርቶን፣ ባለቤት ያጡ ስምንት ጃንጥላዎች እና የትምህርት ቤቱ ብቸኛ የማይጠፋ ቻርጀር እዚያ ይገኛሉ። አንድ እግሩ የተሰበረ ሶፋም አለ፤ በእግሩ ፋንታ የገባው መጽሐፍ እሷ የጻፈችው ነው። ጎንበስ ብላ አየችው። ሁለተኛው እትም እንደሆነ፣ ሦስተኛው ወፈር ስለሚል የተሻለ እንደሚይዝ ነገረችኝ። ቀልዷን ይሁን የምሯን ዛሬም አላውቅም።

እኔ ዘንድ ልጆች «ችግር አለብኝ» ብለው አይመጡም። ስልክ ሊሰኩ፣ መርፌ ቁልፍ ሊለምኑ ይመጣሉ፤ እግረ መንገዳቸውን ያወራሉ። ደግሞም ብዙ ማውራት አይጠበቅባቸውም። አንዱ «ቲቸር፣ ትናንት ማታ አባቴ…» ሲል «ጮኸብህ፣ አይደል?» እለዋለሁ። ዓይናቸውን ብታዩት! ያልተናገሩትን ጨርሼላቸው፣ ምክሩን አስይዤ፣ ደወሉ ሳይደወል ወደ ክፍላቸው እሸኛቸዋለሁ። በዚህ ሥራ ምርቃት ካለ የኔ ምርቃት ይህ ነው ብዬ አምን ነበር።

ለሷ ከጎኔ ያለውን የካርታ ማስቀመጫ ክፍል ሰጠኋት። ካርታዎቹን ጠቅልላ ጥግ አስያዘች፣ ሁለት ወንበር ሰያፍ አድርጋ አስቀመጠች፣ ከዚያ ቁጭ። ማንም አልመጣም። ሳልፍ ሳገድም በሩ ገርበብ ብሎ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ባዶውን ወንበር ስታዳምጥ አያታለሁ። በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት የያዘችው ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፤ በሱም ውስጥ በር የተሳሳቱ አሉበት። አንድ ልጅ ጃንጥላውን ሊጠይቅ ገባ። «ጃንጥላህ እንደጠፋ ይሰማሃል» አለችው። ልጁ ትንሽ አሰበና «አይ፣ ጠፍቶኛል» አላት። ይህን ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሰምቼ ለብቻዬ ሳቅኩ፤ አላፍርበትም።

እዚህ ላይ «ጠበቃ» ትገባለች። ጠበቃ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስሙን ያወጡላት አርፋጆች ናቸው፤ ማንም ልጅ መዝገብ ላይ ሊጻፍ ሲል ከየት መጣች ሳይባል ደርሳ ትከራከርለታለች። ሦስት ዓመት ሙሉ እረፍት በወጡ ቁጥር ሶፋዬ ላይ ናት። ሳቂታ፣ ጨዋታ አዋቂ። ራሷ አንዳንዴ ትቀራለች፣ ግን ሁልጊዜ ከእናቷ ደብዳቤ ይዛ ነው የምትመጣው፤ እንደ ኅትመት የተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ፣ ሥርዓት ያለው አማርኛ። አንዱን «የወላጅ ደብዳቤ እንዲህ ይጻፋል» ብዬ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ለጠበቃ የዶክተሯን፣ የድሮ መምህሬን፣ ነገር አወራኋት። ማውራት አልነበረብኝም፤ ግን አፌ አያርፍም። አርባ ሰዓት እንደሚያስፈልጋት፣ በዚህ አያያዟ አሥርም እንደማትሞላ ነገርኳት። ጠበቃ ሳትስቅ ሰማችኝ።

በቀጣዩ ሰኞ ካርታ ክፍሉ በር ላይ ሰልፍ ነበር።

ቀናሁ፣ ምን እደብቃለሁ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ የወጣው ፊቱን አጥቁሮ እስከ ደረጃው ይሄድና እዚያ ሲደርስ ይሮጣል። በአራተኛው ሳምንት ደረጃው ላይ ሁለት የስድስተኛ ክፍል ልጆች ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። «ትናንት የተፋቱት ያንተ ናቸው፣ ዛሬ የሚፋቱት የኔ ናቸው» ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ የደረሰው የፈተና ፍርሃት ስለሆነ አኩርፏል። ጠበቃን ጠራኋት። ሳታቅማማ ደብተር አወጣች፤ ማን በስንተኛው ክፍለ ጊዜ፣ የትኛውን ችግር ይዞ እንደሚገባ በሰንጠረዥ ተጽፏል። ፍቺ በሳምንት ከሁለት አይበልጥም። ሰው መግደል ክልክል ነው፤ ይህ የተከለከለው አንድ ልጅ የሌለውን መንትያ ወንድሙን ከገደለ በኋላ ነው። ለምን ይህን ሁሉ እንዳደረገች ስጠይቃት «አሮጊቷ ታሳዝናለች፣ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው» አለችኝ።

ማስቆም ነበረብኝ። አላስቆምኩም። አሥራ ሁለት ዓመት ጥርሴን የነከስኩባት ሴት በልጆች ምጽዋት ሰዓት ስትሞላ፣ ወሬውን ለመጨረሻዋ ቀን አስቀመጥኩት።

የመጨረሻዋ ቀን ሐሙስ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ፎርሟን ይዛ መጥታ ሶፋው ላይ፣ የራሷ መጽሐፍ ላይ ማለት ነው፣ ተቀመጠች። አርባ ሰዓት ከሩብ። ከሥሩ የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ማለት እኔ፣ የምሞላው ያው የድሮው ባለ ሃያ አራት ነጥብ መመዘኛ አለ። እስክሪብቶዬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

«ዶክተር፣ ልጆቹ የነገሩዎት ሁሉ ፈጠራ ነው» አልኳት። ደብተሩንም፣ ሰንጠረዡንም፣ የፍቺውን ተራም አንድ በአንድ ነገርኳት። ፊቷ ሲለዋወጥ ለማየት ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

«አውቃለሁ» አለች። «መንትያው የሞተበት ልጅ በሁለተኛው ቀን ከመንትያው ጋር ኳስ ተጫውቼ መጣሁ አለኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ሰዓቱን ስለፈለግኩት።» መነጽሯን መልሳ አደረገች። «መጀመሪያ። በኋላ ግን አንዷ እውነቷን ነበር።»

የትኛዋ እንደሆነች ስጠይቃት ደብተሩን የያዘችው አለችኝ። ሳቅኩ። ጠበቃን ሦስት ዓመት ከማንም በላይ አውቃታለሁ፣ ያቺ ልጅ ምንም የላትም አልኳት። ይህን ስናገር ዓይኗ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ደብዳቤ ላይ ነበር።

ጠበቃ አምስት ጊዜ ገብታላት እንደነበር ነገረችኝ። የምታወራው ስለ አንዲት ጓደኛዋ ነው። የጓደኛዋ እናት ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከአልጋ አትወርድም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ጓደኛዋ ታናሽ ወንድሟን ታለብሳለች፣ ታበላለች፣ ትምህርት ቤት ስትቀር በእናቷ ስም ደብዳቤ ትጽፋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የእናቷን ጥፍር ትቆርጣለች፤ የግራ እጇን ትንሽ ጣት ስለሚያማት እሱን መጨረሻ ታደርገዋለች።

«ጥፍር ፈጥሮ የሚያወራ ልጅ አላጋጠመኝም» አለች ዶክተሯ። «በአራተኛው ቀን ‹ጓደኛዬ› ማለቷን ተወች።»

«ለምን ለኔ አልነገረችኝም?»

ዝም አለች። ያን ዝምታዋን አውቀዋለሁ፤ ከመስታወቱ ጀርባ እንኳ ይሰማ ነበር። እኔ ደግሞ አልቻልኩም፣ እንደገና ጠየቅኳት።

«እንድነግርሽ ፈቅዳልኛለች፣ ባትፈቅድ አልነግርሽም ነበር። ሦስት ጊዜ ሞክራ ነበር። ‹ስጀምር ቲቸር ትጨርስልኛለች፤ የምትጨርሰው ግን ሌላ ነገር ነው፣ አይደለም እንዳልላት ደግሞ ደስ ብሏታል› ነው ያለችኝ።»

አሁን የደበቅኩትን ልናገር። ኤፉ በሶፍት አልመጣም። ሶፍት ከሃያ አራት አንድ ነጥብ ነው፣ በአንድ ነጥብ ማንም አይወድቅም። ከፎርሙ ግርጌ በእጇ የጻፈችው ሌላ መስመር ነበር፤ «ልጅቷ የተናገረችው አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ሠልጣኟ የተናገረችው ሠላሳ ሦስት ደቂቃ» የሚል። ወረቀቱን ያኔውኑ ቀድጄ ጣልኩት። ለሰው ስናገር ሶፍቷን ብቻ አስቀረሁ፤ ስለምታስቅ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ደብዳቤ አየሁት። ያ የተስተካከለ ጽሑፍ የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ አማካሪ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ የጠበቃን ሰንጠረዥ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። አለቀስኩ። እንደ ትልቅ ሰው አይደለም ያለቀስኩት፣ አፍንጫዬ ሁሉ ፈሰሰ። የሶፍቱ ካርቶን ከሷ ክንድ አጠገብ ነበር። እንደ ድሮ ባላንጣ ትክ ብላ አየችው። ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማረችው ሁሉ እዚያ ካርቶን ላይ ነው። ከዚያ በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ ወደኔ አስጠጋችው።

ተናፍጬ ስጨርስ ፎርሙን ሞላሁላት። አርባውን ሰዓት ፈረምኩ፤ ልጆቹ ቢዋሹም እሷ ማዳመጧ ውሸት አልነበረም። ሃያ ሦስቱን ነጥብ ሙሉ ሰጠኋት። አሥራ ሰባተኛው ላይ «አላሟሉም» ብዬ ጻፍኩ። አንብባ «ትክክል ነው» አለችና ከጎኑ ፈረመች።

አርብ ጠዋት ፋይሏ ገባ። በእረፍት ሰዓት ጠበቃ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ቲቸር፣ ፈረምሽላት?»

«ፈረምኩላት።»

«ነገረችሽ?»

«ነገረችኝ።»

አልገባችም፣ አልሄደችምም። «እናቴ…» አለችና አቆመች። ምላሴ ላይ አምስት መጨረሻ ተሰለፈ፤ አምስቱም ያማሩ ነበሩ። ዋጥኳቸው። ጃንጥላዎቹን ቆጠርኩ፣ ስምንት ናቸው። እንደገና ቆጠርኩ። ደወሉ ተደወለ፣ ኮሪደሩ ላይ የነበረው ኮቴ ሁሉ ወደየክፍሉ ገብቶ አለቀ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ሥራ የለም። ለሦስተኛ ጊዜ ስድስተኛው ጃንጥላ ላይ ስደርስ ቦርሳዋን አውርዳ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች።

«ዛሬ ጠዋት» አለች፣ «ውሃም አልጠጣም አለችኝ።»