በሶፍት የተጠቀለለው ጥርስ

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ አሮጊቷ አስጠጋች። "እማማ፣ ከዚህ ሲወጡ ወደ ቤትዎ ነው ወይስ ወደ አረጋውያን መጦሪያው? እርስዎ ያሉት ነው የሚጻፈው።"

አሮጊቷ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ዝም አለች። አርባ ዓመት ሙሉ ልብስ እየሰፋች ደንበኞቿን በነገር ስትሸነቁጥ የኖረች ሴት፣ ዛሬ ዐይኗን ከታናሽ ወንድ ልጇ ኪስ አልነቀለችም።

"ይኸው፣ ተስማምታለች ማለት ነው" አለች ትልቋ ልጅ። "እማዬ እኮ ካልጣማት ጣራ ታነሳለች። የእኔ ወገብ እንደሆነ ተቆርጧል፤ አንተ ደግሞ ከውጭ ከመጣህ ገና ሻንጣህን አልፈታህም።"

"ራሷ ትጠየቅ" ብሎ ስብሰባውን ያስጠራው እሱ ነበር። ለመፈረም እስክሪብቶ ፍለጋ እጁን ኪሱ ሲከት፣ ጣቱ በሶፍት የተጠቀለለ ጠንካራ ነገር ነካ። የእናቱ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው፤ ጠዋት ከአልጋ ሲያወርዷት እንዳይሰበር ብሎ የያዘው። ያለ ጥርሷ ሰው ፊት አፏን እንደማትከፍት ያውቃል። ብትከፍት ምን እንደምትልም ያውቃል፤ "ቤቴ" ነው የምትለው። ከዚያስ ማን ያነሳታል? ማንስ ያጥባታል?

እጁን ባዶውን አወጣ። ሐኪሟ የራሷን እስክሪብቶ አቀበለችው፤ የመጦሪያውን ቅጽ ፈረመ።

አልጋዋ ላይ ሲመልሷት ጥርሱን አለቅልቆ ሰጣት።

"ረስቼው እኮ ነው፣ እማዬ።"

ገጠመችውና መንጋጋዋን ሞከረች።

"እጅህ ሲያገኘው አይቻለሁ፣ ልጄ" አለች። "ግድ የለም። እዚያም ምግብ አይጠፋም፤ ጥርሱ ለመብያ እንኳ ይሆነኛል።"