ኪሩ ራሱን ለምን ዝቅ አደረገ?

የሊጉ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ወረቀት ሮቤልን ነጻ አወጣው። ብሎኩ፣ ማለትም ተጋጣሚን ገፍቶ ማስቀረቱ፣ ከፊት ለፊት ነው፤ በትከሻ ነው፤ የታለመው ደረት ላይ ነው፤ ጉዳቱ የደረሰው ተጎጂው በመጨረሻዋ ቅጽበት ራሱን ዝቅ በማድረጉ ነው ይላል። ፊልሙን ደጋግመው አይተው የፈረሙት ሦስት የተከበሩ ስዊሶች ናቸው። የሐበሻ ልጅ ታላቁን ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ከየት ይወቁት?

ሮቤል ግን ያውቃል። በአሜሪካን ፉትቦል የእሱ ሥራ ኳስ ለያዘው ጓደኛው መንገድ መክፈት፣ አሳዳጁን በትከሻ ገፍቶ ማስቀረት ነበር። ከኋላ መምታት ክልክል ነው። ራሱን ለመከላከል ያልተዘጋጀን ሰው መምታት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ያን ቀን የእነ ሮቤል የዙሪክ ቡድን ባቡር ዘግይቶ ጄኔቫ ስለደረሰ ከጨዋታው በፊት ለጄኔቫ ከሚጫወተው ከኪሩ ጋር አልተገናኙም። ኪሩ ማለት፣ ሮቤል አገሩን ጥሎ ሲመጣ ጄኔቫ ፓኪ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤታቸው ዓመት ሙሉ ያስጠጉት የጋሽ አስረስ ልጅ ነው። ሜዳው መሀል ድንገት ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ ኪሩ እጁን አወረደ፤ "ጋሼ!" ብሎ እጅ ነሳ። ሮቤል አይቶታል። አንዴ ተወርውሬ ነበር እያለ ራሱን ያጽናናል። ውሸቱን ነው፤ ለመቆም የሚበቃ ሁለት እርምጃ ይቀረው ነበር።

ኮሚቴዎቹ ተጎጂው ራሱን ለምን ዝቅ እንዳደረገ ሮቤልን ሲጠይቁት አላውቅም አለ። አሠልጣኙ አስቀድሞ መክሮታል፦ ከተቀጣ ከክለቡ ይወጣል፤ ዙሪክ አጠገብ ሽሊረን ባለው የአሠልጣኙ መጋዘን ያገኘው የሥራ ሥልጠናም አብሮ ይቀራል። ሥልጠናው ከቀረ የመኖሪያ ፈቃዱን ማን ያድስለታል?

በሁለተኛው ወር ጋሽ አስረስ ደወሉ። አልወቀሱትም፤ ልጁን መጥተህ እየው ብቻ አሉት። ሮቤል እውነቱን ልናገር ብሎ ባቡር ተሳፈረ፤ እስከ ጄኔቫም ቃላቱን ሲያዘጋጅ ሄደ።

ጋሽ አስረስ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አቅፈው ሳሙት። ከስተዋል። ስልካቸው ላይ ያችው ፊልም ተከፍታለች። ኪሩ የዚያን ቀን ነገር ምንም አያስታውስም፤ ጥፋቱ የራሴ ነው እያለ ምግብ እንቢ ብሏል።

"ለምን ዝቅ አለ?" አሉት። "አንተ አጠገቡ ነበርክ።"

"አላውቅም፣ ጋሼ" አለ ሮቤል። ያ ሁሉ ዝግጅት ገደል ገባ።

ገቡ። የኪሩ የአንገት ድጋፍ የወለቀው በዚያው ሳምንት ነው፤ ከአንገቱ በታች ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ኪሩ ሮቤልን ሲያይ ፊቱ በራ። ከዚያም አገጩ ቀስ ብሎ ደረቱ ላይ ወረደ።

አባት ልጃቸውን አዩ። ስልኩን አዩ። እንደገና ልጃቸውን አዩ።

"ያን ቀንም ለአንተ እጅ እየነሳ ነበር?" አሉት ሮቤልን።

"አዎ" አለ ሮቤል።

"አይተኸዋል?"

ሮቤል እንባው ቀደመው። "አይቼዋለሁ" አለ።

ጋሽ አስረስ ስልኩን ዘጉና ኪሳቸው ከተቱ። "ለታላቅህ እጅ ንሳ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ" አሉ።

ኪሩ ግን መልሶ ቀና ማለት አቅቶት እንደተደፋ ነበር። አባቱ ጠጋ ብለው አገጩን ያዙና ቀና አደረጉለት።